ዐሥራ አንድ ወር የተረገዘው ወንድሜ

እስቲ ንገሩኝ፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሴት «አረገዝሽ እንዴ?» ስትባል «ኧረ ጨጓራዬ ነው» የምትለው ማንን ልታታልል ነው? እናንተን አይደለም። ቡዳን ነው። ቡዳ ቁጥር ይወዳል መሰለኝ፣ የእኛ አገር ሴቶች ወራቸውን በትክክል አይነግሩትም። ሰባት የገባች አምስት ነኝ ትላለች፤ ዘጠኝ የገባች ሰባት። ከመተማ ሲሰደዱ ድስት እንኳ ጥለው ነው የመጡት፤ ይቺን ልማድ ግን አልጣሏትም።

በዚያ የረሃብ ጊዜ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ ያለው ካምፓችን፣ ልጅ ያለ ወሩ እንዳይወለድ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። እርጉዝ ከሆንሽ የወተት ዱቄትና ዘይት ይጨመርልሻል፣ ጀሪካንም አትሸከሚም። እኔ ደግሞ በካምፑ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቼ፣ ዐረብኛውንም ስላቀላጠፍኩት፣ የእርጉዞች መዝጋቢ ሆንኩላችሁ። በዐሥራ አራት ዓመቴ! እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስንጎራደድ ብታዩኝ ሚኒስትር ነኝ። የነገሩኝን እጽፋለሁ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ፕሮግራሙን የሚገመግም ሹም፣ ኡስታዝ የምንለው፣ ከካርቱም መጣ። መዝገቤን ገለጠና ፊቱ ጠቆረ። በእኔ ጽሕፈት የካምፑ ልጅ ሁሉ የተወለደው በሰባት ወሩ ነው። ቀና ሲል ደግሞ ጉንጫቸው የተነፋ ሕፃናት ያፈጡበታል።

«ያ ብት፣ አንቺ ልጅ፣ ፕሮግራሙ አልሠራም» አለኝ። «ወተቱ ይቁም ብዬ ልጽፍ ነው።»

እናቴ እርጉዝ ናታ! ከእኔ በኋላ ሁለቱ ያለ ወራቸው መጥተውባት ቀብራቸዋለች። ሦስተኛውን የያዘችው በዚያች ወተት ነው። ብቻ ከፍርሃቴ ብዛት ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ኡስታዝ፣ ዓይን ፈርተው ነው። ሁለት ወር ይቀንሳሉ።»

ኡስታዝ ከት ብሎ ሳቀ። እስክሪብቶውን አወጣና መዝገቡ ላይ ላለች ሴት ሁሉ ሁለት ሁለት ወር ጨመረላት። ኸላስ፣ አለቀ! ፕሮግራሙ ዳነ።

ችግሩ፣ በዚያ ሁሉ ካምፕ እውነቱን የተናገረች አንዲት ሴት ነበረች። እናቴ። ያውም ወዳ አይደለም፤ «የተማረች ልጅ እናት አትዋሽም» ብዬ ነዝንዣት ነው። ሰባት አለች። ሰባት ላይ ሁለት ሲጨመር፣ ሒሳቡን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ዘጠኝ የገባችን ሴት ክሊኒክ አስተኝቶ መጠበቅ ነው ደንቡ። በመርፌ ሊያስምጧት ነው ብዬ ኡስታዝ ጋ ሮጥኩ።

«ኡስታዝ፣ የእኔ እናት እውነቷን ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይበልሽ! ባል ያልቻለውን ትምህርትሽ ቻለው፤ በአንድ ቀን የሁለት ወር አስረገዛት» አለችኝ።

እናቴ ተኛች። ነርሷ ጠዋት ጠዋት ሆዷን እየዳበሰች «ዛሬ ነው» ትላለች። ዛሬ አይሆንም። ወተት ይመጣል፣ ምስር ይመጣል፣ ውሃ እንኳ በሰው እጅ ይመጣል። ካገባች ጀምሮ በቀን ጋደም ብላ የማታውቅ ሴት ሁለት ወር ሙሉ እግሯን ዘርግታ ጣራ ስትቆጥር ከረመች። መርፌ የያዘ ሰው አልመጣም። የመጣው ወንድሜ ነው፤ ወሩን ሞልቶ፣ ወፍሮ፣ ጩኸቱ ማዶ ካለው ከተማ፣ ከወድ ኤል ሒለው ድረስ የሚሰማ።

ወር ቆይቶ ኡስታዝ ተመለሰ። መዝገቡን ቢያይ ልጁ በዐሥራ አንድ ወሩ ነው የተወለደው። «ፕሮግራሙ ከሚገባው በላይ ሠርቷል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ልጁን ታቅፎ ክብደቱን በእጁ እየመዘነ ጠየቀ፤ «ማሻላህ! ስንት ጊዜው ነው?»

ተረጎምኩላት። እናቴ ኡስታዝን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ልጇን ከእጁ ተቀብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ፣

«ትናንት ነው የተወለደው» አለች።

ጻፍኩ። ትናንት።