የቅሬያችንን ደንብ ላሻሽል ተነስቼ እናቴ ያስቀመጠችኝ ቀን

ጓዶች፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አንፍሬንድ ታደርጉኛላችሁ። ግን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ!

ሐይቅ ዳር አሳ ቤት እንዳለኝ ታውቃላችሁ። የማታውቁት፣ አንድ ቀብር ደግሜ ከቀረሁ ከቅሬ እንደምሰረዝ ነው።

ለአዲስ አበባ ልጆች፦ ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው። በእኛ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ደግሞ ሐዘኑን ብቻውን ይችላል።

እኔ እኮ ምክንያት አለኝ! ባለፈው በቀብር ሰዓት የግሸን ተጓዥ የጫነ አውቶቡስ አሳ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ያን ሁሉ የተራበ ሰው ጥዬ ልሂድ? የቅሬው ዳኛ ጋሽ ተገኘ ግን ምን አሉኝ? «ሟቹም ቢሆን ቀን አልመረጠም።»

ስለዚህ ደንቡን ላሻሽል ተነሳሁ። አንዲት መስመር ብቻ፦ «አባል ያልተመቸው እንደሆነ በምትኩ ሰው መላክ ይችላል።»

ሞደርን አይደለም?

ከዚያማ ሎቢ ጀመርኩ። ሎቢ ፓርላማ ብቻ የሚሠራ መስሏችሁ ነበር? ለባጃጅ ሹፌሩ ለሰይድ አሳ ኮተሌት። ለመምህሩ ጉላሽ። ባለሱቆቹን ደግሞ በየሱቃቸው እየዞርኩ በሹክሹክታ።

ሁሉም «አብሽር!» አሉኝ። ወሎ ውስጥ አብሽር ከተባልክ እኮ አለቀ።

የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ ከፈትን። ላይኩ፣ የእሳት ኢሞጂው፣ «ካንተ ጋር ነን ጀግናው!» እኔም ልቤ አብጦ መንገድ አልበቃኝ አለ።

እማዬን ግን ሎቢ አላደረግኳትም። የራሷ አባልነት ያላት ሴትዮ ናት፤ ግን እናቴ አይደለችም እንዴ? ድምፅዋ በኪሴ ያለ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባው ደረሰ። ሸሚዜን አስተኩሼ ገባሁ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

ግሩፑ የለም!

ካንተ ጋር ነን ካሉኝ አንድም ሰው የለም ስላችሁ! እስኪ አስቡት። እኔ ድምፅ የሰበሰብኩት ከማን ነው? ሥራ በዝቶበት ቀብር መድረስ ካቃተው ሰው። ታዲያ ሥራ የበዛበት ሰው ስብሰባ ይመጣል? ይቺን ለማሰብ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ወጣ ብዬ ለሰይድ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ውጫሌ ኮንትራት ይዤ ወጥቻለሁ፤ አብሽር!» አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በምትኬ ሰው ልላክልህ?»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ስመለስ ጋሽ ተገኘ ሐሳቡን አንብበው ጨርሰዋል። «በል ተነስና አስረዳ» አሉኝ። ስለ ዘመኑ አወራሁ፣ ስለ ኑሮ ሩጫ፣ ስለ ሲስተም። እውነት ለመናገር አሳምሬው ነበር! አንዳንዱ ሰው ራሱን ሲነቀንቅም አይቻለሁ።

ይሄኔ ከሴቶቹ መሃል እማዬ እጇን አወጣች። ደስ አለኝ፣ ልትደግፈኝ ነዋ!

ሻሿን አስተካከለችና «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «እኔ የሞትኩ ቀን የምትልከው ማንን ነው ልጄ?»



ከዚያ የፈነዳው ሳቅ ወላሂ ግሸን ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ጋሽ ተገኘ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ትዝ አለኝ። ጀናዛውን የተሸከሙት እዚያው የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ጋሽ ተገኘ በዚያ ዝናብ አካፋ ይዘው ሲቆፍሩ ነበር። ያን ቀን ማንም ሰው አልላከም። ሁሉም ራሱ ነው የመጣው።

«እሺ፣ የሚቃወም?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

የቤቱ እጅ ሁሉ ተነሳ። የእኔም ጭምር!

አዎ፣ በደንብ አንብባችኋል። ያንን ሁሉ ሎቢ ያደረግኩለትን የራሴን ማሻሻያ ራሴ ተቃውሜ በሙሉ ድምፅ ጣልኩት። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ፖለቲከኛ ካለ አሳዩኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ ክንዴን ይዛ «ተቀየምከኝ እንዴ?» አለችኝ። አልተቀየምኩም አልኳት። «ንግግርህ ግን ያምራል፤ ለትንሽ ጊዜ እኔንም አሳምነኸኝ ነበር» አለችና ብቻዋን ሳቀች።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቀብር ባለ ቀን አሳ ቤቱ ዝግ ነው፤ መጥታችሁ በሩን እንዳትደበድቡ። ለመሆኑ ከመሃላችሁ እናቱን ሰው ፊት ተከራክሮ የረታ አለ? ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ ልማርበት!