ከካቡ ወዲያ ያለው ድንች

[በአየርላንድ ምዕራብ ዳር፣ የባሕሩ ድምፅ በሚሰማበት መንደር። የማላኪንና የፊንታንን የድንች ማሳ የሚለየው ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ማላኪ በፊታችን እሁድ በደብሩ አዳራሽ ስለ ድንች በሽታ ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ማሳውን ይጎበኛል። ንግግሩን ለራሱ ሲለማመድ ከርሟል፤ አሁን ደግሞ ፊንታንን አግኝቷል። ሁለቱም በየማሳቸው ቆመው ካቡን ተደግፈዋል፤ ፊንታን ከማሳው የቀነጠሰውን የድንች ቅጠል ይዟል። ያካፋል።]

ፊንታን፦ ጠቃጠቆ ነው እንጂ።

ማላኪ፦ ጠቃጠቆ የሚባለው ሰው ላይ ሲሆን ነው። ቅጠል ላይ ሲሆን ነጥብ ነው።

ፊንታን፦ የአክስቴ ልጅ ፊት ልክ እንደዚህ ነው። እሷን ነጥባም ብላት ደህና አደርክ ትለኛለች?

ማላኪ፦ የአክስትህን ልጅ ተዋትና ቅጠሉን ወዲህ በለው። [ተቀብሎ ወደ ዓይኑ ያስጠጋል] ቡናማ። የተበታተነ። ፊንታን፣ ማሳህ ዋግ ገብቶበታል።

ፊንታን፦ አይ፣ ይሄማ ትናንት የጎጆዬን በር ስ…

ማላኪ፦ መጀመሪያ ስማ፣ ከዚያ ታወራለህ። ዋግን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነው። ሰው ሁሉ ሻጋታ ይመስለዋል፤ አይደለም። የባሕር አረም ዘመድ ነው።

ፊንታን፦ እኔ በጸደይ ከባሕሩ ዳር ተሸክሜ አፈሩን ያለበስኩት አረም?

ማላኪ፦ ዘመዱ አልኩ እንጂ እሱው ነው አላልኩም።

ፊንታን፦ ገባኝ። ዘመዶቹ እኔ ጋ መሆናቸውን ሰምቶ ሊጠይቃቸው መጣ።

ማላኪ፦ በነፋስ ነው የሚመጣው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካገኘው ሁለት ጭራ አብቅሎ ይዋኛል።

ፊንታን፦ አይታይም አላልክም እንዴ?

ማላኪ፦ አይታይም።

ፊንታን፦ ታዲያ ጭራውን ማን ቆጠረው?

ማላኪ፦ በማይክሮስኮፕ ነዋ የሚቆጠረው። ለዚህ ነው ካንተ ጋር ማውራት የሚደክመኝ።

ፊንታን፦ [ወደ ደመናው ቀና ብሎ] በዚህ አገር ዝናብ ለኔም ጭራ ቢሰጠኝ አልጠላም። ያንን ሰማያዊ መድኃኒት ልርጭበት?

ማላኪ፦ እሱ የሚረጨው በሽታው ሳይገባ ነው። ከገባ በኋላ መርጨት፣ ከበሰበስክ በኋላ ጃንጥላ መዘርጋት ነው።

ፊንታን፦ እኔ እዘረጋለሁ። ለሚቀጥለው ዝናብ።

ማላኪ፦ አትቀልድ። አሁን መፍትሔው መቁረጥ ነው። ግንዱን ከነቅጠሉ ከሥሩ አጭደህ ከማሳው ማውጣት። አለበለዚያ ዝናቡ በሽታውን አጥቦ ወደ አፈር ያወርደውና ድንቹን እዚያው ያበሰብሰዋል። እኔ ለእሁድ እንዲታጠብልኝ የሰጠሁትን ሱፍ ልብስ ልወስድ ከተማ ልሂድ ነው። እስክመለስ ከካቡ ወዲያ ያለውን በሙሉ እጨደው።

ፊንታን፦ [ዓይኑን ካቡን አሻግሮ ወደ ማላኪ ማሳ ይልካል] ከካቡ ወዲያ ያለውን?

ማላኪ፦ ከካቡ ወዲያ ያለውን። አንድም እንዳታስቀር።

ፊንታን፦ እንደዚህ አምሮበት? አያሳዝንህም?

ማላኪ፦ እኔን ምን ያሳዝነኛል? ለጎረቤት ሲባል አንዳንዱ መጎዳት አለበት።

ፊንታን፦ [ባርኔጣውን አውልቆ] ማላኪ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስንጎራበት እንደዚህ ያለ ልብ እንዳለህ አላወቅኩም ነበር።

[ማላኪ ምስጋናው ቢገርመውም ደስ ብሎት ሄደ። ፊንታን ማጭዱን ስሎ ካቡን ተሻገረ። ሥራ ላይ ሰነፍ የሚለው ሰው የለም፤ ከሰዓት በኋላ ማላኪ ሱፉን በክንዱ ይዞ ሲመለስ የገዛ ማሳው ተላጭቶ ጠበቀው። የታጨደው ከበሩ ውጭ ተከምሯል። ፊንታን ክምሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል።]

ማላኪ፦ ፊንታን… ምን አደረግክ?

ፊንታን፦ አንድም አላስቀረሁም። ጀርባዬ ግን ለሁለት ተከፍሏል።

ማላኪ፦ ያንተን ነበር እኮ ያልኩህ።

ፊንታን፦ ከካቡ ወዲያ አልክ። እኔ ቆሜ የነበረው እዚያ ነው። ከካቡ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። አያሳዝንህም ወይ ብዬም ጠይቄሃለሁ።

ማላኪ፦ በሽታው ያለው አንተ ማሳ ውስጥ ነው!

ፊንታን፦ የኔ ቀለም ነው። የጎጆዬን በር ቡናማ ስቀባ ቡሩሹን አራገፍኩት፣ ነፋሱም ወሰደው። ልነግርህ ስጀምር መጀመሪያ ስማ አልከኝ፤ ሰማሁ።

[ማላኪ ሱፉን ካቡ ላይ አስቀምጦ ፊንታንን ከክምሩ ላይ አስነሳው። የራሱ ተክል ምን ያህል ጤነኛ እንደነበር ሊያሳየው አንዱን ግንድ መዘዘ፤ ቅጠሉን ሲገለብጠው እጁ እዚያው ቀረ። ከሥሩ ነጭ ብናኝ ለብሷል፣ ጠርዙ ጠቁሯል። ሁለተኛ መዘዘ። እንደዚያው።]

ፊንታን፦ ያንተንስ ማን ቀለም ቀባው?

ማላኪ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ቀለም አይደለም። እውነተኛው ነው።

ፊንታን፦ አልረጨህም እንዴ? ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ዋግ ሊመጣ ነው ተጠንቀቁ ሲል ነበር።

ማላኪ፦ ሬዲዮውን ዘግቼው ነበር። ንግግሬን ሳጠና ይረብሸኛል።

[መንገዱ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። የደብሩን የአትክልተኞች ማኅበር የሚመሩት ወይዘሮ ዲምፕና የእሁዱን ጉብኝት ሊያዘጋጁ መምጣታቸው ነው። አዲስ ሰው ስለሆኑ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ አያውቁም። ማላኪ የተላጨውን መሬት አየ፣ ከካቡ ማዶ ያለውን ለምለም አየ፣ የፊንታንን እጅጌ ያዘ።]

ማላኪ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ። ስለ ዋግ ሊያስተምር የተነሣ ሰው ማሳውን ዋግ በላው ከተባለ እዚህ መንደር መኖሬ አበቃ። ለምለሙ የኔ፣ ይሄኛው ያንተ ነው እንበል።

ፊንታን፦ እኔስ አልዋረድም?

ማላኪ፦ አንተን ማን ይታዘብሃል? ካንተ የሚጠብቁት የለም።

ፊንታን፦ [ትንሽ አስቦ] እሱስ ልክ ነህ። እሺ።

[ወይዘሮ ዲምፕና ጎንበስ ብለው ክምሩን ፈተሹ፣ ቅጠል ገለበጡ፣ ወደ ተላጨው መሬት ገብተው አፈሩን በጣታቸው ጫሩ።]

ዲምፕና፦ ይሄ የማነው?

ማላኪ፦ [ቀድሞ] የፊንታን ነው። ከካቡ ማዶ ያለው ለምለሙ የኔ ነው፤ ፊንታን ራሱ ምስክሬ ነው።

ዲምፕና፦ ከጠዋት ጀምሮ ማሳ ለማሳ ስዞር ነው የዋልኩት። ማሳው ሁሉ በሽታው ገብቶበታል፤ ሰዉ ግን ልምላሜው አሳስቶት ማጭድ የሚያነሣ ጠፋ። በጊዜ የቆረጠ አንድ ሰው አገኘሁ። ድንቹ ከሥር ደህና ነው፤ ጥቂት ሳምንት አፈር ውስጥ ይቆይና ክረምቱን ሙሉ ይበላል። አቶ ፊንታን፣ ማን ነገረዎት?

ፊንታን፦ ማንም አልነገረኝም። መቁረጥ ብቻ ነው የታዘዝኩት።

ዲምፕና፦ ትሕትናዎ ደስ ይላል። አቶ ማላኪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሁድ ንግግሩን እሳቸው ቢያደርጉት ይሻላል። ሰው በተግባር ያየውን ነው የሚያምነው።

[ወይዘሮ ዲምፕና ፊንታንን ጨብጠው ሄዱ። ማላኪ ሱፉን ከካቡ ላይ አንሥቶ ካፊያውን አራገፈለት።]

ማላኪ፦ ምን ልትላቸው ነው?

ፊንታን፦ እንጃ። ጭራው ላይ ስደርስ አያለሁ። [ሱፉን በዓይኑ ለክቶ] እጅጌው ለኔ ትንሽ ያጥረኛል፣ ግን ግድ የለም። አንተ ፊት ለፊት ተቀመጥ፤ ያልገባህ ነገር ካለ እጅህን ታወጣለህ።