ሣጥን ሰገድ የሕመሞችን ሠራዊት በአንድ ገጽ እንዳሰለፈች

የካርድ ክፍል ጸሐፊ፣ ሁሉ እታለም የሚላት፣ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር በተቀመጠች በሰባተኛው ዓመት፣ ይኸውም የኮሪደሩ በር መጮህ በጀመረ በሦስተኛው፣ በዘመነ ጉንፋን፣ በጤና ጣቢያው ላይ ታላቅ ጭንቅ ሆነ። ነርሶቹ የሕመምተኛውን ስሞታ ሁሉ በእጃቸው ይጽፉ ነበርና፣ ወረፋው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ኮሪደሩን ዞሮ፣ እስከ አጥሩ ደረሰ፤ ሳል ይዞት የመጣ ተራው ሳይደርስ ይድናል፣ ደኅና የመጣ አስታማሚም እዚያው ይያዛል።

ያን ጊዜ ኃላፊው አዋጅ አወጀ፣ ዘበኛውም በኮሪደሩ መካከል ቆሞ አሰማ፦ «ከእንግዲህ ሕመም አይጻፍም፣ ምልክት ይደረግበታል! በየሕመሙ ፊት ሣጥን ይቁም፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ይደር። ቅጹ እስከ ምሳ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሻገራል፣ እታለምም ወደ ካርድ መደርደሪያው ትመለሳለች!»

ኮምፒውተሩም ለእታለም ርስቷ ነበረ፤ ማንም ሳያስተምራት፣ እየነካካችና እየተሳሳተች ብቻዋን ያቀናችው፤ መደርደሪያው ግን ከአቧራ ጋር ስታስነጥስ የኖረችበት ግዞቷ። ስለዚህ በጥርሷ ሳቀች፣ በልቧ ራደች።

ድምሩ የሚሉት ሒሳብ ሹሙም ጋሪ እየገፋ መጥቶ በደጇ ሰፈረ፣ እንዲህም አወጀ፦ «እታለም እህቴ፣ ምን ያደክምሻል! ገመዱን ብቻ ጠቅልለሽ ጠብቂኝ፣ መግፋቱን ለእኔ ተይው!»

ከእርሷ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ ስትወጋ መርፌዋ የማይሰማ ነርስ፤ አዋጅ አሰምቶ ወገን የለወጠው ዘበኛ፤ መወልወያዋን እንደ ጦር የያዘች የጽዳት እናት፤ ከወረፋውም የወጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ወገባቸውን፣ አንዱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ስለ ኮምፒውተር አንዳች የማያውቁ፣ በምክር ግን የማይሰስቱ።

እታለምም ቅጹን ከፈተች። ቅጹ ግን ቀደምት ጸሐፍት ታብ የሚባል የማሰለፊያ ቁልፍ ሳያውቁ ስፔስ እየመቱ የደረደሩት ነበርና፣ በሳል ፊት የሣጥን ቦታ ብታበጅ ትኩሳት ወደ ታች ወደቀ፣ ራስ ምታት ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሰደደ፣ ወገብም ከመካከሉ ተቆረጠ። እርሷም ስፔሱን ሁሉ አንድ በአንድ ነቅላ በታብ ተካችው፤ ይህም የዘመቻው አድካሚ ክፍል ነበረ።

ከዚያም ሣጥን ወዳለበት፣ ቁልፍ ሲመታ በፊደል ፈንታ ሥዕል ወደሚያወጣው የሥዕል ፊደል ዘመተች፤ ነገር ግን የሳልን ደጅ ብቻ መምረጥ ሲገባት፣ በችኮላ ገጹን ሁሉ መርጣ ፊደል ለወጠች። ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል የአማርኛ መልክ በሚያለብሰው በጥንቱ ፊደል የተጻፈ ነበርና፣ ወዲያው ሳል መቀስ ሆነ፣ ትኩሳት ሻማ፣ ራስ ምታት የራስ ቅል፣ ወገብም ፈንጂ። ሠራዊቱ ሁሉ ዋይ አለ። ወገባቸውን የያዙት ሽማግሌ ብቻ ፈንጂውን አይተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «እሰይ! የእኔን ወገብ ገና ዛሬ በትክክል የጻፈው ሰው ተገኘ!»

ድምሩም ቀኑ የእርሱ እንደ ሆነ አይቶ፣ ገመዱን ሊነቅል በጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ፤ የጽዳት እናት ግን እርጥብ መወልወያዋን በሶኬቱ ፊት ተክላ አወጀች፦ «ወለሉ ሳይደርቅ ማንም አይራመድም! ብትወድቅ ልጄ፣ ወረፋው እንደምታየው ነው!» እርሱም እንደ ተንበረከከ ቀረ።

በዚያች ፋታ እታለም ስሕተትን የሚሽሩትን ቁልፎች፣ ኮንትሮልንና ዜድን፣ በአንድነት መታች። መቀሱም ሳል ሆነ፣ ፈንጂውም ወገብ፣ ሁሉም ወደየስሙ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልቸኮለችም፤ በየሕመሙ ፊት ለብቻ ሣጥን እያቆመች ወረደች፤ ወደ ሁለተኛው ገጽ ያፈነገጠውን «ሌላ» የተባለ ሽፍታም የመስመሩን ክፍተት አጥብባ ጎትታ አስገባችው።

ወረቀቱ ከምሳ በፊት ታትሞ እንደ ወጣ በመጀመሪያ የደረሳቸው እኒያው ባለ ወገብ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብዕር ተቀብለው፣ አንዱን ሣጥን በሌላው ማስቀናት ነውር ነው ብለው፣ አንድም ሳያስቀሩ በሁሉም ላይ ምልክት አደረጉ። ቢሆንም ፈጥነው ጨረሱ፣ ወረፋውም ተንቀሳቀሰ። ኃላፊው ይህን አይቶ አወጀ፦ «ኮምፒውተሩ ካለበት አይነቃነቅ!» ድምሩም ባዶ ጋሪውን እየገፋ ተመለሰ፣ ጉልበታቸውን የያዙትንም ሽማግሌ እግረ መንገዱን አሳፍሮ እስከ ምርመራ ክፍል አደረሳቸው፤ ይህም ለእርሱ ይጻፍለት።

ከዚያች ቀን ወዲህ የእታለም ስመ መንግሥት ሣጥን ሰገድ ተባለ። እነሆ እርሷ፣ ታብን ያነገሠች፣ ስፔስን ያዋረደች፣ ፈንጂን በሁለት ጣት ያከሸፈች! ከሕመሞች አንዱን እንኳ አልፈወሰችም፤ ነገር ግን ከእርሷ በፊት የተነሣ ሐኪም ሁሉ ያልቻለውን ቻለች፤ ሁሉንም ዝም አሰኝታ በሰልፍ አቆመቻቸው።