በቤተ መጻሕፍታችን የቀበርኳቸው ደራሲ

ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰው ቀብሬ ነው የመጣሁት።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል! በማይክ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሰውየው አጠገቤ ቁጭ ብለው ውሃቸውን እየጠጡ!

ኮመንት ላይ ልትስቁብኝ እንደተዘጋጃችሁ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ሳቁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ነገሩ ሀፍረት ብቻ አይደለም።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። የቀን ሥራዬ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ውጪ ደግሞ የእድራችን የሕይወት ታሪክ አንባቢ ነኝ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደተማረ፣ ስንት ልጅ እንዳለው ይነግረኛል፤ እኔ አሳምሬ እጽፍና ቀብር ላይ አነበዋለሁ።

ማን መረጠሽ አትሉም? «ድምፅሽ ያስለቅሳል» ብለው እናቶች መረጡኝ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበታለሁ።

ታዲያ የሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ ሰናይት የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ሰናይት ህልም ነበራት። በየወሩ አንድ ትልቅ ሰው ጋብዞ፣ በሕዝብ ፊት፣ በላይቭ ማወያየት! አዳራሹ ለስብሰባ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ እሱን ለመለመን የሄደችባቸውን ቢሮዎች እሷ ናት የምታውቀው። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰጧት። «እስቲ እንየው» ብለው ነው የሰጧት፤ ካልተሳካ ሁለተኛ ቀን የለም።

አወያይ አድርጋ የመረጠችው ደግሞ እኔን። የት ሰምታኝ መሰላችሁ? አጎቷ ቀብር ላይ!

(ምልክቱን ያኔ ነበር ማየት የነበረብኝ።)

እንግዳው ጋሽ ደግፌ ነበሩ። ደራሲው! ስማቸውን ስጽፍ እንኳን ቀና ብዬ ነው የምቀመጠው። የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን ሃይስኩል እያለሁ ዴስክ ሥር ደብቄ ሳነብ ተይዤ ከክፍል ተባርሬበታለሁ። ምን ገዶኝ! አስራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ታክሲ እየመጣ እየሄደ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ እያለቀስኩ ጨረስኩት። ያንን ምዕራፍ ዛሬም ድረስ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ጋሽ ደግፌ ግን ከስንት ዓመት ጀምሮ መድረክ ላይ አይወጡም። ቃለ መጠይቅ አይሰጡም። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ሰናይት ቤታቸው ተመላልሳ፣ በር ላይ ቆማ፣ ለምና፣ በመጨረሻ «እስቲ» አሏት። አንዲት ቃል! በዚያች ቃል ነው ወንበር የደረደርነው።

አዳራሹ ሞላ። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው። የፊተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ የእድራችን እናቶች ከነነጠላቸው ተደርድረዋል። እኔን ለማበረታታት ነው የመጡት፣ እግዜር ይስጣቸው።

ጋሽ ደግፌ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ። «ኧረ በእግዜር! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» እያሉ በቀጭን ቁመታቸው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ስሜን ጠየቁኝ። መቅደስ አልኳቸው። «አይዞሽ መቅደስ» አሉኝ።

ያን ሁሉ የጻፈ እጅ እኮ ነው የጨበጠኝ!

ሰናይት ስልኳን ቀስራ ላይቩን ከፈተችና በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችኝ። እንግዳውን የማስተዋውቅበትን ወረቀት አወጣሁ። ከመጽሐፎቻቸው ጀርባ ለቃቅሜ ሌሊቱን ሙሉ የጻፍኩት ነው።

«ጋሽ ደግፌ ከአባታቸው ከአቶ ሽብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ በቸሃ ተወለዱ።»

እስከዚህ ደህና ነኝ።

«ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...»

እዚህ ጋ ድምፄ በራሱ ጊዜ ዝቅ አለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የፊተኛው ረድፍ ላይ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየኋቸው። እሱም አልገባኝም! የለመድኩት ዜማ ያዘኝ፣ የለመዱት ዜማ ያዛቸው፣ ተያይዘን ነጎድን።

«ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ...»

ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም እኮ! ከየት አመጣሁት?

«ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት...»

እዚህ ጋ ወረቀቱ አለቀ። አፌ ግን አላለቀም።

«ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።»

«አሜን!» አለ ግማሹ አዳራሽ። «ነፍስ ይማር!»

እትዬ ብርቄማ «ወይኔ ጋሼን!» ብለው ለቀቁት። ሰውየውን ፊት ለፊት እያዩዋቸው!

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እሳቸውን አየ።

ሰናይት አፏን እንደከፈተች ስልኩን ይዛ ቆማለች። ላይቩ አልቆመም። ኮመንቱ ይወርዳል። «ነፍስ ይማር» «መቼ ነው ያረፉት?» «ቀብሩ የት ነው?» የተሰበረ ልብ፣ የተሰበረ ልብ፣ ሻማ።

እኔ ደግሞ ነገሩን ለማስተካከል ያልኩትን ስሙልኝ።

«ይቅርታ... ማለቴ... እንኳን በሰላም መጡ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ጋሽ ደግፌ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

አለቀ አልኩ። ሊሄዱ ነው። የስንት ዓመት ዝምታቸውን ሰብረው ቢመጡ በቁማቸው ቀበርኳቸው። ሰናይትን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ያ ሁሉ ደጅ ጥናቷ በእኔ አፍ ገደል ሲገባ አየሁት።

ለካ የተነሱት ስልካቸውን ከኪሳቸው ለማውጣት ነው! እየጠራ ነበር። ልጃቸው ናት፤ ጩኸቷ ሳይቀር በማይኩ ተሰማ። «አባዬ!!»

«አለሁ» አሉ። «አለሁ እኮ ነው የምልሽ። ... የለም፣ የለም፣ ብቻዬን አይደለሁም፤ ሰው ሞልቷል፣ ጥሩ ቀብር ነው። ሲያልቅ እደውልልሻለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ብርቄ በሳቅም በለቅሶም መሀል ሆኑ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት።

ጋሽ ደግፌ ተመልሰው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን እስቲ ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ።

«አጻጻፍሽ ያምራል» አሉ። «ለተቸገረ ደራሽ ያልሽው ግን እኔ አይደለሁም። እሱ ወንድሜ ሰብስቤ ነው።»

ከዚህ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። አወያይ ተብዬ! እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት።

ወንድማቸው ሰብስቤ መርካቶ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ጋሽ ደግፌም በወጣትነታቸው እዚያ ሱቅ ውስጥ ይውላሉ። ወረቀት የላቸውም። ጣቃ የሚጠቀለልበትን ካርቶን ታውቁት የለ? ጨርቁ ተሽጦ ሲያልቅ ካርቶኑን ያነሱና ከፊትም ከኋላም ይጽፉበታል። ያ ልቦለድ፣ እኔ ከክፍል የተባረርኩበት ልቦለድ፣ ሙሉውን የተጻፈው የጨርቅ ካርቶን ላይ ነው!

«አንድ ቀን» አሉ፣ «ወንድሜ ጨርቅ የሚጠቀልልበት ቸግሮት ያገኘውን ካርቶን አነሳ። ማንበብ አይችልም። ጠቀለለበት፣ ሸጠው። የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ውይ!» አለ። እኔ መሰለኝ።

«እንደ ልጅ አለቀስኩ። ወንድሜ በማግስቱ ሱቁን ዘጋ። ቅዳሜ ነው! መርካቶ በቅዳሜ ሱቅ ሲዘጋ አስቡት። ከአንዱ ልብስ ሰፊ ወደ ሌላው ልብስ ሰፊ እየጠየቀ እስከ አስኮ በእግሩ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ በዝናብ፣ ራሱ በስብሶ መጣ። ካርቶኑን ከሸሚዙ ሥር አወጣው። ደረቅ ነበር። 'ይሄ ያንተ እጅ ይመስላል፣ እየው እስቲ' አለኝ።»

እኔ ያንን ምዕራፍ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ እፎክር ነበር። አንድ ማንበብ የማይችል ሰው በጉያው ይዞልኝ በዝናብ እንደመጣ የት አውቄ? ተማሪዎቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ነበር የሚሰሙት፤ ተማሪ! ስልክ!

ጋሽ ደግፌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድሜ ሲሞት፣ ደራሲ ነህ ተባልኩና የሕይወት ታሪኩን እኔ ጻፍኩት። 'በንግድ ሥራ ተሰማርተው' ብዬ ጻፍኩ። ካርቶኑን አልጻፍኩም። በጨርቅ ካርቶን ላይ የጻፈ ደራሲ እንዳልባል አፍሬ። መጽሐፉም ላይ ስሙ የለም። ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ 'እንዴት ጻፉት?' ሲሉኝ እዋሻለሁ። ውሸቱ ሲሰለቸኝ መምጣቱን ተውኩት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ግን አንዴ ሞቻለሁ። ከእንግዲህ ማንን አፍራለሁ? እስቲ ተነሺ ልጄ። ለእሱ አንብቢለት።»

ወረቀት የለኝም እኮ! ያለ ወረቀት አንብቤ አላውቅም። ተነሳሁ።

«አቶ ሰብስቤ ሽብሩ» ብዬ ጀመርኩ። ያው፣ ከአባታቸው፣ ከእናታቸው፣ በቸሃ። መርካቶ። ጨርቁ። ካርቶኑ። በቅዳሜ የተዘጋው ሱቅ። በአስኮ መንገድ ያሉት ልብስ ሰፊዎች። ዝናቡ። የሰማሁትን ብቻ ነው ያልኩት፤ አንድም ማሳመሪያ አልጨመርኩም። «ደግ፣ ሰው አክባሪ» ማለት እንኳን አላስፈለገኝም።

ቀና ስል አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። ማንም ተነሱ አላለም። እትዬ ብርቄ አላለቀሱም፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ጋሽ ደግፌም ወንበራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። «ነፍስ ይማር» ያሉት መጀመሪያ እሳቸው ናቸው።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሁሉ ቀብር ሳነብ ኖሬ፣ የሕይወት ታሪክ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ዛሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ እስኪያስወጣን ድረስ ማንም አልተነሳም። አዳራሹን የፈቀዱት ሰውዬ ራሳቸው ሰናይትን «የሚቀጥለው ወር እንግዳ ማን ነው?» ብለው ጠየቋት። ሰናይት ከደስታዋ ብዛት አቀፈችኝና በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦ «መግቢያውን ግን ካሁን በኋላ እኔ ነኝ የማነበው!»

ትክክል ናት።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ እንዴት ያምር ነበር! ግን ይሄ የእኔ ፔጅ ነው፤ እዚህ ነገር አምሮ አያልቅም።

ጋሽ ደግፌን ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። የመኪናውን በር ከፈትኩላቸው። ከመግባታቸው በፊት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣

«የእኔንም፣ ጊዜው ሲደርስ፣ አንቺ ታነቢልኛለሽ?» አሉኝ።

አስቡት! እሳቸው! እኔን! ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ልቤ በአክብሮት ሊፈነዳ ደረሰ። በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ አደራ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ታዲያ ይሄ አፌ ምን ብሎ መለሰ?

«በታላቅ ደስታ!»

አዎ። ከነፈገግታው። እሳቸው ታክሲው ውስጥ ሆነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቁ በመስኮት ይታዩኝ ነበር።

እስቲ እናንተ አስተዋይ የምትባሉት ፍረዱኝ። «አይበለው» ብል አደራውን እምቢ ማለት ሊሆን፣ «እሺ» ብል ቶሎ ይሁንልኝ ማለት ሊመስል። ለእንደዚህ ያለ ሰው፣ ለእንደዚህ ያለ ጥያቄ፣ ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?