ሊቀ ውጋት አያ ወልደ ጻድቅ

የሰውን ሕመም ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ ሰው የሌለበት አገር የለም። ገና አንገትህን ወደ ግራ ሳታዞር «አውቄዋለሁ፤ ብርድ ነው» ይልሃል። ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው ቁልቁል የነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ፣ በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ይህን ሰው ያለ ደመወዝ አግኝታዋለች። አያ ወልደ ጻድቅ ማለዳ ማለዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ በእሳቸው ሳያልፍ የክሊኒኩ አካሚ ድሬሰሩ ጓንጉል ዘንድ የሚደርስ በሽተኛ አልነበረም።

«ሊቀ ውጋት» ብሎ የሾማቸው ራሱ ጓንጉል ነው፣ በንዴት። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ በመጣ በሳምንቱ አንድ ገበሬ «ልቤን» ቢለው ደረቱን በማዳመጫ ሲፈትሽ አረፈደ። ከአግዳሚው ድምፅ መጣ፦ «ሐኪም፣ እዚህ አገር ልብ ወደ ታች ወርዷል። ሆዱን ነው የሚልህ።» ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ፤ ገበሬውም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ለአያ ወልደ ጻድቅ «ያመኛል» ብቻውን ቃል አይደለም። «ይወጋል? ይቆርጣል? ይጠዘጥዛል? ወይስ ይለበልባል?» ይላሉ፤ አማርኛ ላልገባው በአገውኛ። ሲተነፍሱ የሚብስ ውጋት ከሳንባ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሣ ቁርጥማት ከመገጣጠሚያ ነው። ጥርስ በልብ ትርታ ልክ ከጠዘጠዘ መግል ቋጥሯል። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ ድምፃቸው ከጭጋግ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። በሽተኛውም ይጨፍንና ሕመሙን ፍለጋ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ እንደማያውቀው አገር፣ ሸለቆ ለሸለቆ። አግዳሚው በሙሉ ፀሐይ ላይ እንዲህ ጨፍኖ ሲቀመጥ፣ ጓንጉል የታመመ ሕዝብ ሳይሆን ሕልም የሚያይ ሕዝብ የሚያክም ይመስለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከደሃና ወለተ ሐና የምትባል ወጣት በቃሬዛ መጣች። ባሏ ካሳ «ሆድ ቁርጠት ነው፤ ሁለት ቀኗ» አለ። ጓንጉል ወስፋት ነው ብሎ የጉሎ ዘይት በኩባያ ቀዳ። ከንፈሯ ሊያደርሰው ሲል ሊቀ ውጋት በሩ ላይ ቆሙ።

«ቁርጠት አይደለም።»

«አያ፣ ይቀመጡ እባክዎ።»

«ቁርጠት ያገላብጣል፤ ያስነሣል፣ ያስቀምጣል። ይህችን እያት። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አርፎ እንኳ እጇን አታነሣም። መነቃነቅ ፈርታለች።» ወደ ካሳ ዞሩ። «ስታመጧት የት ላይ ነው የጮኸችው?»

«እግራችን ድንጋይ በመታ ቁጥር» አለ ካሳ።

ጓንጉል ኩባያውን አስቀመጠ። የሆዷን ቀኝ ከታች በቀስታ ተጭኖ ለቀቀው፤ የጮኸችው ሲጫን ሳይሆን ሲለቅ ነው። ትርፍ አንጀት። ዘይቱ ገብቶ ቢሆን ሊያፈነዳው ይችል ነበር። ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ኮረም የሚሄደው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቷል። ጓንጉል ገለባ አስነጠፈና ቃሬዛውን ራሱ ከካሳ ጋር በትከሻው ተሸክሞ ጫናት።

ዘጠኝ ቀን ወሬ የለም። ጓንጉል ትከሻው አላስተኛው ቢል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሊቀ ውጋት በጣታቸው ዳሰሱት።

«የሸክም ሕመም ሲያርፉ ይለቃል» አሉ። «ይህ ወሬ የመጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ከኮረም ነው የሚመጣው።»

በዐሥረኛው ቀን ሾፌሩ ተስፋው መኪናውን በሩ ላይ አቆመ። «ቀደዋት ድናለች» አለ። «ሾርባው አነሰኝ ብላ ነርሷን ስትቆጣ ትቻት መጣሁ።»

ሾፌሩ ሲሄድ አያ ወልደ ጻድቅ «ትከሻህስ?» አሉ።

«ለቀቀኝ፣ አያ።»

«ደግ» አሉ፤ ፊታቸው ግን በሽተኛ ያመለጠው ሰው ፊት ነበር። ያን ዕለት አግዳሚው ላይ ሌላ ማንም አልነበረም። ጓንጉል ወደ ክፍሉ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። በዕድሜው ጉልበቱን አሞት አያውቅም።

«ጉልበቴን ግን» አለ፣ «ትንሽ…»

አያ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁለት።