ክቡር አቶ «አንዴ ደግሞ»

ሥራው አለቀ ብላችሁ ቦርሳችሁን ስታነሡ «አንዴ ደግሞ» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ነገውኑ እገባለሁ።

የእኛው፣ የጃፓኗ ቶዮሃሺው፣ መምህራችን ክቡር አቶ ኩሮያናጊ ናቸው። ቤተ ሙከራችን ኮምጣጣነትን ፎቶ የሚያነሳ ቺፕ ይነድፋል። ጥፍር በምታህል ሲሊከን ላይ ጠብታ ሲያርፍ፣ የኮመጠጠው ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀልቶ ይታያል፤ ሌላው ሰማያዊ ነው። አዲስ ቺፕ በመጣ ቁጥር ክቡርነታቸው ከምሳ ዕቃቸው በጨው የተዘፈዘፈ ፕለም የሚባል ኮምጣጣ ፍሬ አውጥተው ጭማቂውን ጠብ ያደርጉበታል። ቀዩ ሲፈካ «አንዴ ደግሞ» ይላሉ። አንድ ቀን ፕለሙን ሁሉ ለቺፕ አብልተው ባዶ ሩዝ በሉ። የሠርጋቸው ዕለት ካህኑንም እንዲህ ሳይሏቸው አልቀሩም እያልን እናማቸዋለን።

አንድ ከሰዓት እኔ የሦስት ዓመት ልፋቴን፣ የመጀመሪያ ቺፔን፣ በማግስቱ ቶኪዮ ጉባኤ ላይ ላሳይ ተነሥቻለሁ። እርሾና ስኳር ጠብ ሳደርግበት ከአንዱ ጠርዝ ቅላት ይፈስሳል፣ መልሶ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ይፈካል። እርሾው ሲተነፍስ በዐይኔ አየሁ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ወድጄው ነበር፤ እሱን ሳይ ስንት ሻይ ቀዝቅዞብኛል።

«አንዴ ደግሞ፣ ሂዳካ።»

«አምስት ጊዜ አየነው እኮ፣ መምህር! ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው።»

«ባቡር መች ይጠፋል። አሁን ያለ እርሾ፣ ውሃ ብቻ አድርጊበት።»

ውሃ ጠብ አደረግሁ። ትንፋሹ መጣ። ክው አልኩ። እሳቸው ስክሪኑን ትተው መስኮቱን ያያሉ፤ ውጭ ከባሕሩ በኩል የመጣ ደመና በፀሐይ ፊት ያልፋል። ተነሡና መጋረጃውን ሳቡት። ትንፋሹ ጠፋ።

ለካ ሲሊከን ብርሃንም ይሰማዋል፤ ከብርሃን የሚከልለውን ሽፋን ደግሞ እኔ ንድፉ ላይ ረስቼዋለሁ። ያን ሁሉ ቀን የደመና ፎቶ ሳነሳ ነው የከረምኩት። አለቀስኩ።

«በይ አሁን በጨለማ፣ በእርሾ። አንዴ ደግሞ» አሉ መሐረብ እያቀበሉኝ።

ጠበቅን። በጠብታው ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅላት ብቅ አለች። ትንሽ ናት፤ ግን የእርሾው ናት። በማግስቱ ቶኪዮ ላይ እሷን ብቻ አሳየሁ፣ ማንም አልሳቀብኝም።

ስመለስ ከስክሪኑ ቀርጬ ያስቀመጥኩትን ያን የሐሰት ፊልም ላጠፋው ነበር። ክቡርነታቸው ግን ቀድመውኛል፤ ጥግ ይዘው ምሳቸውን እየበሉ እሱኑ ያያሉ። ስም አውጥተውለታል፦ «ደመና፣ ሂዳካ እንዳነሳችው»።

«መምህር፣ ስሕተት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። አያምርም ታዲያ?»

ፕለማቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደመናው አለፈ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

«አንዴ ደግሞ» አልኳቸው።