ባነሩ ላይ የቀረው እጅ

ባለቤቴ ሒሩት ባለፈው ኅዳር ሞተች።

ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ፣ ጨዋታው መሐል ላይ ስንደርስ "ባለቤትህስ ደህና ናት?" እንዳትሉኝ ነው። እዚህ ጭሮ ከተማ ሰው ሰላምታ ከጀመረ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ አማቱን ሳይጠይቅ አያቆምም። እኔ ደግሞ ጎሚስታ ነኝ። ከሚኤሶ ቆላ ጎማው እየጮኸ የወጣ መኪና ሁሉ እኔ ደጃፍ ይቆማል፣ ሹፌሩም ይጠይቃል። መልሱ ደክሞኛል።

አሁን ወደ ነገሬ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ በከተማችን ማንኛውም አዲስ ነገር አባት አለው። መጀመሪያ ወፍጮ የተከለው የወፍጮ አባት ነው። መጀመሪያ ባጃጅ ያመጣው የባጃጅ አባት ነው። መጀመሪያ ዲሽ የሰቀለው የዲሽ አባት ነው፤ ሲወርድ እግሩ ስለተሰበረ አባትነቱን የሚከራከረው የለም። እናት ያለው አዲስ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሁሉም ያለ እናት የተወለደ ነው። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" ሲሉ አበው የሚያወሩት ስለ ጥፋት ነው። ምስጋና ሲሆን መንገዱ ይገለበጣል። የእምዬ ወደ አብዬ ይሄዳል።

ኮምፒውተርም አባት አለው። አቶ ደምሰው ይባላሉ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ መኪኖቹ አሁንም እኔ ጋ ነው ጎማ የሚያስለጥፉት።

ኮምፒውተሩ የመጣ ጊዜ እኔ ሒሩትን ገና አላውቃትም። የማወራው እሷ የነገረችኝንና ዘይነባ የምትመሰክረውን ነው። ዘይነባ ከሒሩት ጋር በጸሐፊነት የሠራች ጓደኛዋ ናት፤ ዛሬ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የምትተይብበት ሱቅ አላት። ሁለቱም እንደነገሩኝ ኮምፒውተሩ እንደ ሙሽራ ነው የገባው። አቶ ደምሰው ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጠው። ዳንቴል ለበሰ። አቧራ ይገድለዋል ተብሎ ወደ እሱ የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ታዘዘ። "ወላሂ፣ ከዚያ ክፍል የካልሲ ሽታ የባሰ ቫይረስ በሕይወቴ አላየሁም" ትላለች ዘይነባ።

እንግዳ ሲመጣ አቶ ደምሰው ዳንቴሉን ያስገልጡና ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ስክሪኑ ጠፍቶ ነው። ግን ጥቁር መስተዋት ስለሆነ ራሳቸውን ያዩበታል፤ ክራቫታቸውንም ያቃኑበታል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ኮምፒውተር ከሳቸው በላይ የተጠቀመበት የለም።

ሥራ የመጣ ዕለት ግን ነገሩ ተለወጠ። መተየብ የሴት ሥራ ነው ተባለና ሒሩት ተጠራች። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላ አልተነሣችም ማለት ይቻላል። ደብዳቤ በመተየብ ጀመረች። ዝናብ ቀርቶ ለሚኤሶ የማሽላ ዘር የተከፋፈለ ጊዜ፣ ወንዶቹ በካልኩሌተር እየተጣሉ የሚደምሩትን የየቀበሌውን ድርሻ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲደምረው አደረገች። ያስተማራት የለም። እየነካካች፣ እየተሳሳተች፣ እየመለሰች ነው ያገኘችው። ትንሽ ቆይቶ ከቦኬ ወረዳ የሚደውለው ሠራተኛ ኃላፊውን መጠየቅ ትቶ "ሒሩትን አቅርቡልኝ" ማለት ጀመረ። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን "አዘጋጅ፦ ደምሰው" ነው የሚለው። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ያለው ሰው መቼም ስለ ፊርማ መሆን አለበት ያወራው።

ሌሎቹ ጸሐፊዎች ኮምፒውተሩን መንካት ተከልክለው ነበር። ሒሩት የብስኩት ካርቶን ቆርጣ ፊደሎቹን በየቦታቸው በእስክሪብቶ ሣለችላቸው። በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ካርቶን ይተይባሉ። የሚያልፈው ሁሉ ይስቃል። ዘይነባ አማርኛውንም ቁቤውንም የለመደችው በዚያ ካርቶን ነው። "የኔ ኮምፒውተር ተበላሽቶ አያውቅም" ትላለች፤ "አንዴ ብቻ ሻይ ፈሶበት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።" ዛሬ በጭሮ ማመልከቻ፣ ውል፣ የምርቃት ጽሑፍ የሚተይቡት ሴቶች አብዛኞቹ ከዚያ ካርቶን የተወለዱ ናቸው። አባታቸው ማን እንደሆነ አልሰማሁም።

ሒሩት አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ያነበበችውን ነገረችኝ። በሩቅ አገርም እንዲሁ ነው አለች። ቤት የሚያህሉትን የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች እንዲያስቡ ያደረጓቸው ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶቹ ብረቱን ሠሩ፣ ማሽኑን የማሠራቱ ጉዳይ የጸሐፊ ሥራ መስሏቸው ለሴቶች ተዉት። በኋላ አሮጌው ፎቶ ሲገኝ፣ ከማሽኑ አጠገብ የቆሙት ሴቶች ለማሳመር የቆሙ ሞዴሎች ናቸው ተባለ።

"ታዲያ ምን ይገርማል?" አልኳት። "አንቺም ታምሪያለሽ።"

"ሂድ ጎማህን ንፋ" አለችኝ። እየሳቀች ነበር።

ዘንድሮ ያ መሥሪያ ቤት በዞናችን ኮምፒውተር የጀመሩ ፈር ቀዳጆችን እሸልማለሁ አለ። እኔ ለሽልማት ግድ የለኝም። ግን ልጅ አለችኝ። ብሌን አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት "እናትሽ ምን ነበረች?" ብለዋት "ጸሐፊ" ስትል፣ አንዱ ልጅ "ጸሐፊ ማለት ለአለቃ ሻይ የምታመጣ ናት" አላት። እቤት መጥታ "እውነት ነው?" አለችኝ። እኔ የማወራው እናቷን ስለምወዳት እንደሆነ ገብቷታል፤ ሌላ ሰው እንዲነግራት ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ቃል ገባሁ። "በትልቅ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የእናትሽን ስም ይጠሩታል" አልኳት። ጎሚስታ ቡሎን ካላጠበቀ መኪና ገደል ይገባል። ቃሌን ለማጥበቅ በማግስቱ ወደ አስተባባሪው ሄድኩ።

አስተባባሪው ጌትነት ይባላል። ሁለት ስልክ ይዞ በሁለቱም "ስብሰባ ላይ ነኝ" ይላል። ጉዳዬን ሰማኝ።

"ሒሩትማ አትረሳም" አለ። "ግን ሳሚ፣ ሟች መድረክ ላይ አትወጣም። ማን ይቀበልላታል?"

"እኔ።"

"በቃ ተገላገልን። ስምህን ከነአያትህ ንገረኝ።"

ነገርኩት። ጻፈ።

"የሷንስ?"

"የሷን እናውቃለን" አለኝ።

የሷን እናውቃለን! ከዚህ በላይ ምን ይባላል? መንገድ ላይ ለብሌን የፀጉር ጌጥ ገዝቼ ገባሁ።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከፊት ኃላፊዎች፣ ከመሐል ከየወረዳው የመጡ እንግዶች፣ ከኋላ ጸሐፊዎቹ። እኔና ብሌን ከዘይነባ ጎን ተቀመጥን። ከመድረኩ በላይ ግድግዳውን የሚያክል ባነር ተሰቅሏል። ኮምፒውተሩ የገባ ዕለት የተነሣ ፎቶ ነው። አቶ ደምሰው መሐል ቆመዋል፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረዋል። ግራና ቀኛቸው ወንዶች። ከፊታቸው ኮምፒውተሩ።

ይህን ፎቶ አውቀዋለሁ። ሒሩት ጠርዙ ላይ ነበረች። "ዳንቴሉን ግለጪና ዞር በይ" ብለዋት፣ ጎንበስ ብላ ገልጣ ገና ዞር ሳትል ነው የተነሣው። ባነሩን ያዘጋጀው ሰው እንዲያምርለት ጠርዙን ቆርጦታል። ሒሩት የለችም። እጇ ግን ዳንቴሉን ይዞ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቷል። እጁን ቢቆርጠው ኮምፒውተሩ አብሮ ይቆረጥበት ነበር። ክንዱ ላይ ቀይ የዶቃ አምባር አለ። ያ አምባር አሁን የብሌን ነው፤ ስለሚሰፋት ሁለት ዙር ጠምጥማ ታደርገዋለች።

መድረክ መሪው አቶ ደምሰውን ጋበዘና ወደ ባነሩ አመለከተ። "ክቡር አቶ ደምሰው፣ ይህ ኮምፒውተሩን የከፈተው ታሪካዊ እጅ የእርስዎ ነው?"

አቶ ደምሰው ዞረው አዩት። በፎቶው ላይ ሁለቱም እጆቻቸው ሆዳቸው ላይ አሉ። ሦስተኛውን ትንሽ ተመለከቱት።

"አዎ" አሉ። "በዚህ እጅ ነው የጀመርነው።"

አዳራሹ አጨበጨበ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል። ስለ አምባር የተባለ ነገር ግን የለም።

ብሌን ክንዷን አየች። ባነሩን አየች። "አባዬ" አለችኝ በጆሮዬ፣ "ሰውዬው የእማዬን አምባር ለምን አደረጉ?"

ዘይነባ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። እየሳቀች ነው ብዬ ነበር። ሳያት ዓይኗ እንባ አለው።

ከዚያ ስም መጥራት ተጀመረ። አንዱ ጀኔሬተሩን ያስነሣ ነበር። ሌላው ኮምፒውተሩን ከመኪና አውርዷል። ብሌን እጄን ይዛለች፤ እያንዳንዱ ስም ሊጠራ ሲል ታጠብቀዋለች፣ ሌላ ሰው ሲሆን ትለቀዋለች።

"በዞናችን ኮምፒውተርን ካስጀመሩት ፈር ቀዳጆች አንዱ!" አለ መድረክ መሪው። ቀጥሎም ስሜን ጠራ። የኔን። ከነአያቴ።

ብሌን ቀና ብላ አየችኝ።

ዘይነባ ቀድማ ነቃች። "አቦ ሳሚ!" አለች፤ "ኮምፒውተሩን በስንት አየር ነፋኸው?" ጸሐፊዎቹ መሳቅ ጀመሩ። የሚስቁት በኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚስቁት።

ወጣሁ። ኮምፒውተር ማጥፋት እንኳ የማልችል ሰው የኮምፒውተር ፈር ቀዳጅ ሆኜ ጨበጡኝ። ሰርተፍኬቱ ያምራል፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ ነው። ማይክራፎኑን ያዝኩ። ንግግር አላውቅም።

"ይሄ የኔ አይደለም" አልኩ። "የባለቤቴ ነው። ስሟ ሒሩት ነው። ያ እጅም የሷ ነው።"

መድረክ መሪው ግን ልምድ ያለው ሰው ነው። ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና "በጣም እናመሰግናለን! ከጀርባ ሆነው ለደገፏቸው ለባለቤታቸውም ሞቅ ያለ ጭብጨባ!" አለ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። አቶ ደምሰውም አጨበጨቡ፤ በሁለት እጃቸው ብቻ።

ስወርድ ጌትነትን ያዝኩት። "የኔን ስም ነው እኮ የጻፋችሁት።"

"ተቀባዩ አንተ አይደለህ?" አለኝ። ከልቡ ገርሞታል። "ሰርተፍኬት ለሚቀበል ሰው ነው የሚጻፈው።"

"እሷስ?"

"የሷን እናውቃለን አልኩህ እኮ!"

ክፋት የለውም። ክፋት ቢኖረው እጣላው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ወደ መቀመጫዬ ስመለስ ብሌን "ስሟን ጠሩት?" አለችኝ።

"እኔ ጠራሁት።"

"አንተማ ሁልጊዜ ትጠራዋለህ" አለች።

እንግዶቹ ወደ ምሳው ሲጎርፉ እኛ ቀረን። የአዳራሹ ዘበኛ ባነሩን ሊያወርድ መሰላል አቆመ። ዘይነባ ሄዳ ሥሩ ቆመች።

"ምን ልታደርጉት ነው?"

"ጣሪያው ያፈሳል፣ እዚያ እናለብሰዋለን።"

"አቦ ለኛ ስጠን። የጓደኛዬ እጅ አለበት።"

ዘበኛው ባነሩን አየ፣ እጁን አየ፣ የብሌንን ክንድ አየ። "ውሰዱት" አለ። "የኔ ዘመድ አንድም የለበት።"

ጠቅልለን በባጃጅ ወደ ሱቄ አመጣነው። ዘይነባ ብሌንን ከፊቷ አስቀምጣ፣ እናቷ በካርቶን እንዴት እንዳስተማረቻት በጣቶቿ ጉልበቷ ላይ እየመታች አሳየቻት። "ያንቺ እናት ናት ያስተማረችኝ፣ ሰማሽ? ያን ስለ ሻይ ያወራውን ልጅ ነገ እኔ ጋ አምጪው። ሻይም እንዳለኝ ንገሪው።" ብሌን ሳቀች። ሌላ ሰው ነገራት ማለት ነው። አዳራሹ ባይሆንም።

ዘይነባ ከሄደች በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላማደሪያ የምቆርጥበትን ቢላዬን አወጣሁና ባነሩን መሬት ላይ ዘረጋሁ። አቶ ደምሰውን ከነሆዳቸው ቆርጬ አወጣሁ። ግራና ቀኛቸውንም አወጣሁ። ጥሩ ላስቲክ ነው፤ ደጅ ያሉት አሮጌ ጎማዎቼ ላይ አለበስኩት። አቶ ደምሰው አሁን ጎማ ከአቧራ ይጠብቃሉ። ከኮምፒውተሩ የበለጠ እዚህ ይጠቅማሉ።

እጁ ቀረ። በጎማ መለጠፊያ ማስቲሽ፣ ብሌን ስትቆም በምትደርስበት ልክ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። መዳፏን ላዩ ላይ አድርጋ ለካች። እጁ ትልቅ ነው። "ስም የለውም" አለች።

ጎማ ላይ ምልክት የምናደርግበትን ነጭ ጠመኔ አነሣሁና ከእጁ ሥር የሒሩትን ስም ጻፍኩላት። ከነአያቷ።